በጀርባ ሰፈር የተሰፋው ቀሚስ

ስሟን የሚያስታውስ ሰው ያልቀረላት፣ በትልቅ ሐይቅ ዳር የተቀመጠች አንዲት አገር ነበረች። የዚያች አገር ሰዎች ቤት ሲሠሩ በሩንም መስኮቱንም ወደ ሐይቁ ያደርጉታል። ሲቆሙም ሲቀመጡም ፊታቸው ወደ ውሃው ነው። ሁለት ሰዎች መንገድ ላይ ሲገናኙ ጎን ለጎን ይቆሙና፣ ሁለቱም ውሃውን እያዩ፣ «እንደምን አደርክ?» «ማዶ ይመስገን!» ተባብለው ይለያያሉ። ፊት ለፊት መተያየት የባለጌ ሥራ ነበር።

ማዶ የሚባለውን አገር ሄዶ ያየ የለም። ያማረ ነገር ሁሉ ግን የሚመጣው ከዚያ ነው። ልብሱም፣ ሥዕሉም፣ መጽሐፉም በአንድ ረጅም ጀልባ ተጭኖ ከጉሙ ውስጥ ብቅ ይላል። ሕጉም ግልጽ ነው፤ ሐይቁን ያልተሻገረ ነገር ውብ አይባልም። እዚሁ የተሠራ ነገር «ገና» ነው የሚባለው። እዚህ የተሰፋ ቀሚስ ገና ቀሚስ ነው። እዚህ የተጻፈ መጽሐፍ ገና መጽሐፍ ነው። ገና የለበሰ ሰው ሠርግ አይጠራም፤ ገና ሠሪ ሆኖ ሳለ ውብ ነገር ለመሥራት ሲሞክር የተያዘ ደግሞ፣ ሰፊ ከሆነ መርፌው፣ ሠዓሊ ከሆነ ብሩሹ በአደባባይ ይሰበርበታል።

ይህን ሁሉ የሚያስተዳድሩት ሊቀ ማዶ ባያብል የሚባሉ ሹም ነበሩ። ሊቀ ማዶ ወፍራም የጠጉር ካባ እስከ ጆሮአቸው ድረስ ደርበው ጠራራ ፀሐይ ላይ ይቆማሉ፤ ማዶ ብርድ ነው ይባላላ! ላብ ሲያጠምቃቸው መጥረግ ክልክል ነው። ላብ አይደለም፣ የማዶ ጠል ነው። በሥራቸው ብዙ ሹማምንት አሏቸው። የትንፋሽ ሹም የሚባል አለ። ከማዶ የሚመጣው መጽሐፍ በማዶ ቋንቋ የተጻፈ ስለሆነ ማንም አያነበውም፤ ስለዚህ ሰዎች አዳራሽ ውስጥ ይሰበሰቡና ገጹን እኩል ይገልጣሉ፣ ሹሙ እጁን ሲያነሳ ሁሉም በረጅሙ ይተነፍሳሉ። የናፍቆት ሹምም አለ። እሱ ደግሞ ነጫጭ ዛፎችና ነጭ መሬት ያለበትን የማዶ ሥዕል ሰቅሎ፣ አይተውት የማያውቁትን አገር እንዴት እንደሚናፍቁ ሕፃናትን ያስተምራል። አምርሮ የናፈቀ ልጅ ይሸለማል።

ከሹማምንቱ ሁሉ ግን እንደ አፈ ማዶ የሚከበር አልነበረም። አፈ ማዶ አንጓች የምትባል ሴት ነበረች። ጀልባው ሲደርስ ወደቡ ላይ ትቆማለች። ዕቃው አንድ በአንድ ሲወርድ መዳፏን ታሳርፍበትና፣ «ተሻግሯል» ትላለች። ያን ጊዜ ዕቃው ውብ ይሆናል። የአፈ ማዶ ቃል አንዴ ከወጣ አይታጠፍም፤ ሊቀ ማዶም ቢሆኑ ሊሽሩት አይችሉም። አንጓች ለዚህ ሥራ የተመረጠችው በልጅነቷ ነው፣ ድምፅዋ የጠራ ስለነበረ። ቤቷ በማዶ ዕቃ የተሞላ ነው። ጫማዋ ጣቷን ያጥፍባታል። ቀሚሷ አንድ ጊዜ ብብቷን ይይዛታል፣ አንድ ጊዜ ከትከሻዋ ይንሸራተታል፤ ለሌላ ገላ የተሰፋ ነውና። ማታ ስታወልቀው የስፌቱ መስመር ቆዳዋ ላይ ታትሞ ታገኘዋለች። ይህን ለማንም ተናግራ አታውቅም። የሁሉም ሰው ገላ እንደዚያ ይመስላት ነበር። እውነትም የሁሉም እንደዚያ ነበር።

በዚያች አገር የመታያ ቀን የሚባል በዓል አለ። ሰው ሰውን ፊት ለፊት እንዲያይ የሚፈቀድለት በዚያ ቀን ብቻ ነው። ሁሉም አዲስ የማዶ ልብሱን ለብሶ አደባባይ ይወጣል፣ ይታያል፣ ያያል፣ ይመለሳል። በዚያ ዓመት አንጓች በበዓሉ ላይ ከሊቀ ማዶ ቀኝ ባለው ወንበር ልትቀመጥ ተወሰነላት። ከዚያ በላይ ሹመት የለም። ለዕለቱ የሚሆን ቀሚስም ከማዶ ታዘዘላት።

በዓሉ ሲቃረብ ግን ጉም ወረደ። እንደሌላው ጊዜ በውሃው ላይ ብቻ የሚንሳፈፍ ጉም አልነበረም። ወደብ ወጣ፣ ጎዳናውን ሞላ፣ በየመስኮቱ ገባ። ጀልባው ቀረ። ሰዎቹ ግን እንደ ልማዳቸው ፊታቸውን ወደ ሐይቁ አዙረው፣ ምንም የሚታይ ሳይኖር፣ ነጭ ነገር ሲያዩ ይውሉ ጀመር።

አንድ ጠዋት አንጓች ከወደብ ወደ ቤቷ ስትመለስ መንገዱ ጠፋባት። ግራና ቀኟን ጉሙ ቀማት። ሐይቁ በግራ መሆን ነበረበት፤ የውሃውን ድምፅ ስታዳምጥ ግን ድምፁ በሁሉም በኩል ያለ መሰላት። ዝም ብላ መሄድ ጀመረች። ከእግሯ ሥር ያለው መሬት ቀስ እያለ ከፍ ከፍ አለ። ጫማዋ ከድንጋይ ድንጋይ ሲያንገዳግዳት አወለቀችውና በእጇ ያዘችው። ጥቂት ቆይቶ ከላይ በኩል፣ ልብ ሲመታ የሚሰማ የሚመስል፣ የመወርወሪያና የሸማ ዕቃ ድምፅ ሰማች። ወደ ድምፁ ሄደች።

ጉሙ እንደ መጋረጃ ሳሳ። አንጓች በሮቹ ወደ እርስ በርሳቸው የተከፈቱ ቤቶች መካከል ቆማ ራሷን አገኘችው። እንዲህ ያለ ሰፈር አይታ አታውቅም። በኮረብታው ላይ፣ ሁሉም ሰው ጀርባውን በሰጠው በኩል፣ ጀርባ ሰፈር የሚባል ቦታ እንዳለ ልጅ ሆና ሰምታ ነበር፤ ገና ሠሪዎች ይኖሩበታል ይባላል። ዞሮ ያየው ግን አልነበረም።

«እህቴ፣ ጠፋሽ መሰለኝ» አለ አንድ ድምፅ።

ደፍ ላይ ተቀምጣ ጨርቅ የምትሰፋ ሴት ናት። ሸጊቱ ትባላለች። ቀና ብላ አየቻት። ፊት ለፊት፣ በመታያ ቀን ሳይሆን እንዲያው በተራ ቀን አየቻት። አንጓች ሰው ገላዋን የነካት ያህል ደነገጠች። ሸጊቱም የአንጓችን የአፈ ማዶ ልብስ ልብ ስትል መርፌዋን ከጨርቁ ሥር ደበቀችና ብድግ አለች።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ አፈ ማዶ መሆንዎን አላወቅኩም።»

«ተቀመጪ» አለች አንጓች። ድምፅዋ ለራሷ እንግዳ ሆነባት። «አንቺ በይኝ። እግሬን ድንጋይ ወግቶኛል፣ ትንሽ ልረፍ።»

ሸጊቱ ወደ ቤት አስገባቻት። ቤቱ ውስጥ ቀሚሶች በገመድ ላይ ተሰቅለዋል። አንዱ በእንሶስላ ተነክሮ የረፋድ ፀሐይ ያረፈችበት የሸክላ ግድግዳ ይመስላል። ሌላው ዝናብ ያባራበት ኮረብታ ቀለም አለው። ጥለቶቹ እንደታወቀው ቀጥ ብለው አይወርዱም፤ እንደ እግር መንገድ እየተጠማዘዙ ከጫፍ ይነሱና ወደ ትከሻ ይወጣሉ። በእያንዳንዱ ቀሚስ አንገት ውስጠኛው በኩል አንዲት ትንሽ ቀይ ወፍ ተጠልፋለች።

«ይህች ወፍ ምንድን ናት?»

«እኔ ነኛ!» አለች ሸጊቱ። «የኔ ሥራ መሆኑ የሚታወቅበት ነው። ከታች ያለችው ጎረቤቴ ስትሰፋ ማንካ ታደርጋለች፣ የወንዝ ዳሩ ሰውዬ ደግሞ ጨረቃ። የሱን ሱሪ ብታዪው! ሰው ተቀምጦ እንዲበላበት ተብሎ የተሰፋ ሱሪ እሱ ብቻ ነው የሚሠራው።»

አንጓች ሳቀች። ሸጊቱ የዝናቡን ቀሚስ ከገመዱ አወረደችና ሳትጠይቃት ትከሻዋ ላይ ለካችው። ወገቡ ላይ ትንሽ ይጠባል። «ይሰፋል» አለች። «ነገ ብትመጪ በልክሽ ማስተካከል እጀምራለሁ።»

አንጓች በነጋታው መጣች። ጉሙ እስካለ ድረስ ማን ወዴት እንደሚሄድ የሚያይ የለም። ከዚያም ወዲያ መጣች። አንድ ቀን ደርሶ የሚባለው የሸጊቱ ወንድም ቤቱን ከፍቶ አስገባት። ደርሶ ሠዓሊ ነው። ግድግዳዎቹን ከወለል እስከ ጣሪያ ቀብቷቸዋል። ጎመን ሻጮች፣ ልብስ አጣቢዎች፣ አህያውን የሚለማመጥ ሽማግሌ። አንዲት እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ የቆመች ሴት ዘንድ ስትደርስ አንጓች ቆመች። የናቷ አቋቋም ነው። እናቷ ከሞቱ ወዲህ እንዲያ የሚቆም ሰው ያየች አይመስላትም ነበር።

«ይህች ሴት ከማዶ ናት?» ብላ ጠየቀች። ውብ ነገር ስታይ የምታውቀው ጥያቄ እሱ ብቻ ነበር።

«የጎረቤታችን ልጅ ናት» አለ ደርሶ። «አሁን ውሃ ልትቀዳ ወረደች። ከቆየሽ ታገኛታለሽ።»

ሌላ ቀን ደግሞ አያ ሙጨ ዘንድ ወሰዷት። አያ ሙጨ መጽሐፍ የሚጽፉ አዛውንት ናቸው፤ በእጃቸው እየጻፉ፣ በቆዳ እየጠረዙ ለሰፈሩ ያውሳሉ። አንዱን አንስተው ሰጧት። አንጓች እንደለመደችው ጀርባዋን ቀጥ አድርጋ ተቀመጠችና የት ላይ መተንፈስ እንዳለባት የሚነግራት ሰው ፈለገች። ማንም አልነበረም። ስለዚህ ማንበብ ጀመረች። መጽሐፉ ውስጥ ዝናብ ይዘንባል። የዚህ አገር ዝናብ ነው፤ መጀመሪያ አቧራ አቧራ የሚሸት፣ ከዚያ ከሐይቁ ተነስቶ እየሮጠ ወደ ኮረብታው የሚወጣ። ዝናቡ ውስጥ አንዲት ሴት ጣቷን የሚያጥፍባትን ጫማ ረግማ ወደ ቦይ ስትወረውረው ጫማው እየተንሳፈፈ የሹሙ ደጃፍ ይደርሳል፣ ሹሙም ከማዶ የመጣ መልእክተኛ መስሎት በክብር ይቀበለዋል። አንጓች በሳቅ ፈነዳች፤ ወዲያው አፏን በእጇ ሸፈነች።

«ይቅርታ፣ አያ ሙጨ።»

«የለም፣ የለም» አሉ አዛውንቱ ወደ እሷ ጠጋ ብለው። «የቱ ጋ ነው የሳቅሽው? እስቲ አሳዪኝ። እዚያ ቦታ ላይ ይስቃሉ ብዬ ነበር የጻፍኩት፣ እስካሁን ግን ማንም አልሳቀልኝም።»

በዓሉ ሊሆን አንድ ቀን ሲቀረው ቀሚሱ አለቀ። አንጓች ለበሰችው። አልያዛትም፣ አልተንሸራተተም። እጇን አነሳች፣ ዞረች፣ ጎንበስ አለች፤ ቀሚሱ አብሯት አደረገ። ልብስ መልበሷን ረስታ ልብስ የለበሰችበት የመጀመሪያ ቀን ነበር።

«ነገ ለብሼው እወጣለሁ» አለች።

«ከየት ነው ሲሉሽስ?» አለች ሸጊቱ።

«ተሻግሯል እላለሁ። ቃሌ አይታጠፍም፤ አንቺም አትነኪም።»

ሸጊቱ ክር መጠቅለል ያዘች። የተናገረው በር ላይ ቆሞ የነበረው ደርሶ ነው።

«የኔን ሥዕል አንድ ጊዜ ወስደውታል» አለ። «ጀልባው ሁልጊዜ ከማዶ አይመጣም። አንዳንዴ ከኛ ጭኖ ጉሙ ውስጥ ይገባል፣ ትንሽ ይዞራል፣ ይመለሳል። ሥዕሌን በመታያ ቀን አዳራሹ ውስጥ ተሰቅሎ አገኘሁት። ሰዎች ፊቱ ቆመው፣ 'ማዶ እንዴት ያምራል!' ይላሉ። ቀረብ ብዬ ሳየው ዘበኛው ገፈተረኝ። ገና የለበሰ ሰው እዚህ አይቆምም አለኝ።»

አንጓች መዳፏን አየችው። ያ ሥዕል ከጀልባው ሲወርድ እጇ ሥር ያለፈ፣ በሷ ቃል ከባለቤቱ የተለየ ነበር። ቀሚሱም ነገ እንደዚያው ይሆናል። ቀይዋ ወፍ ተፈትታ ትወጣለች።

«ስምሽን ብናገር መርፌሽን ይሰብሩታል» አለች ለሸጊቱ።

«መርፌ ሌላ ይገኛል» አለች ሸጊቱ። ክሩን መጠቅለሏን አላቆመችም። «እኔስ የፈራሁት እንዳትናገሪው ነው።»

በመታያ ቀን ጉሙ አደባባዩን ለቆ ሐይቁ ላይ ቆመ። ሕዝቡ ባለፈው ዓመት ልብስ አፍሮ፣ እየተሸማቀቀ ወጣ። አንጓች ከላይ በኩል፣ በባዶ እግሯ፣ ዝናብ የጠገበ ኮረብታ መስላ ወደ አደባባዩ ወረደች። ሰው ሁሉ ዞረ። አንድ ሕፃን፣ «እማዬ፣ እይ!» አለ። እናቱ ዝም አላሰኘችውም።

ሊቀ ማዶ ባያብል የማዶ ጠል እያንጠባጠቡ ከወንበራቸው ተነሡ። ደስታ በደስታ ሆኑ።

«ጀልባው በስውር ገብቷል ማለት ነው! ሕዝብ ሆይ፣ ማዶ አልረሳንም! አፈ ማዶ፣ ቃልሽን አሰሚን።»

አንጓች ዝም አለች። ሊቀ ማዶ ዝምታዋን ሲያዩ ጠጋ አሉና ቀሚሱን በዐይናቸው መረመሩት። የሚያውቁ ሰው ነበሩ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ተናገሩ።

«ከየት እንደሆነ ገብቶኛል። አይዞሽ፣ አልቆጣም። ተሻግሯል በይ፤ ሴትዮዋም ትጠቀማለች። የምትሰፋውን ሁሉ በጀልባው እናዞርላታለን። አገሩም ደስ ይለዋል። ማን ይጎዳል?»

አንጓች መዳፏን ደረቷ ላይ፣ ጥለቱ ከትከሻ የሚደርስበት ቦታ ላይ አሳረፈች። በዚያች በጠራች ድምፅዋ ተናገረች።

«አልተሻገረም። ውብ ነው። በጀርባ ሰፈር ነው የተሰፋው። የሰፋችው ሸጊቱ ትባላለች።»

ሹማምንቱ እርስ በርስ ተያዩ። አልተሻገረም ያለችው የአፈ ማዶ ቃል ነው፤ ውብ ነው ያለችውም የአፈ ማዶ ቃል ነው። ሁለቱም አይታጠፉም። ውብ ነገር የሠራን ሰው መርፌ ለመስበር ነገሩ ገና መሆን አለበት፤ አሁን ደግሞ ገና ነው ማለት አይቻልም። የትንፋሽ ሹሙ ግራ ሲገባው እጁን አነሳ፤ ማንም አልተነፈሰም። ሊቀ ማዶ ፊታቸው ቀላ። ሸጊቱን መንካት እንደማይችሉ ገባቸው። አንጓችን ግን ይችላሉ።

«አልታየችም!» ብለው ጮኹ።

ይህ የአገሩ ትልቁ ቅጣት ነው። አልታየችም የተባለን ሰው ማንም ከዚያ በኋላ አያየውም፤ ባለበት ሁሉ ሰው ዐይኑን ይጨፍናል። ሕዝቡ ዐይኑን ጨፈነ። አደባባይ ሙሉ ፊት፣ አንድም የተገለጠ ዐይን የሌለው። አንጓች እንባዋ መጣ። ወንበሩን አልፋ፣ በተጨፈኑ ሰዎች መካከል፣ ወደ ኮረብታው መሄድ ጀመረች።

ብዙም ሳትርቅ አንድ እጅ እጅጌዋን ያዛት። ወይዘሮ አትጠገብ ነበሩ፣ የሊቀ ማዶ ባለቤት። ዐይናቸውን አጥብቀው ጨፍነዋል።

«ልጄ» አሉ በሹክሹክታ፣ «አትዩ ነው የተባልነው። አትንኩ አልተባለም።»

ጣቶቻቸው ጥለቱን አገኙት። ከእጅጌ ወደ ክንድ፣ ከክንድ ወደ ትከሻ ቀስ እያሉ ተከተሉት።

«ይሄ መንገድ ወዴት ነው የሚሄደው?»

«ወደ ላይ ነው እማማ።»

«ለስላሳ ነው። ደግሞ ልክሽ ነው፣ አይደል? በገዛ ልክሽ።» ድምፃቸው ተቆራረጠ። «የሰፋችው ማን አልሽኝ?»

«ሸጊቱ።»

«ሸጊቱ» አሉ ወይዘሮ አትጠገብ። አጠገባቸው ያለው ሰው፣ «ማን አሉ?» ብሎ ጠየቀ። «ሸጊቱ።» ሌላም እጅ ተዘረጋ፣ ሌላም። አንጓች በሄደች ቁጥር ዐይን የሌላቸው እጆች ቀሚሷን እየዳሰሱ አሳለፏት፤ ስሙም ከአፍ ወደ አፍ እየተቀባበለ ከኋላዋ ወደ ሐይቁ ወረደ። ሊቀ ማዶ ፀጥታ ቢሉም ማን እንደተናገረ ለመለየት አልቻሉም፤ እሳቸውም በራሳቸው ሕግ ዐይናቸውን ጨፍነው ነበር።

አንጓች ያን ቀን ጀርባ ሰፈር አደረች። ደርሶም አያ ሙጨም ሊያጽናኗት መጡ፤ ሸጊቱ ግን ጎኗ ተቀምጣ እጇን ይዛት ቆየች።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ደጁ ተንኳኳ። ሸጊቱ መርፌና ክሯን እንደያዘች ወጣች፣ አንጓች ከኋላዋ። ወይዘሮ አትጠገብ በር ላይ ቆመዋል። ከእሳቸው ኋላ አንዱ የሌላውን ልብስ ጫፍ የያዘ ረጅም የሰው ሰልፍ ጠመዝማዛውን መንገድ ይዞ እስከ ታች ይዘልቃል። አንጓች ቤት ውስጥ መኖሯን ስለሚያውቁ ሁሉም ዐይናቸውን ጨፍነዋል፤ እየተደናቀፉ፣ እየተሳሳቁ፣ ጀርባቸውን ለሐይቁ ሰጥተው ነው የመጡት። አንዳንዶቹ ጉልበታቸው ተልጧል።

«የሸጊቱ ቤት ይሄ ነው?» አሉ ወይዘሮ አትጠገብ።

«ይሄ ነው እማማ፤ እኔ ነኝ።»

«እኔም እንደዚያች ልጅ በልኬ የተሰፋ ቀሚስ ፈልጌ ነበር። እነዚህ ደግሞ መጽሐፍ የሚያውሱ ሰው አሉ ሲባል ሰምተው፣ ያ ኋላ ያለው ሥዕል ሊያይ...» ቆም አሉና አንገታቸውን ዘንበል አደረጉ። «ብቻ ልጄ፣ እንዴት እናድርግ? ዐይናችንን ብንገልጥ ሕግ ይሆንብናል።»

ሸጊቱ ወደ አንጓች ዞራ አየቻት። ከዚያ ክሩን በጥርሷ በጠሰችና በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችው።

«ግለጡ እንጂ!» አለች። «ቀለሙን ሳታዩ ምኑን ልትመርጡ ነው?»